የአቶ በዛብህ እግሮች

አቶ በዛብህ እንጅባራ ውስጥ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠሩ አምስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ነበሩ። በ2009 ዓ.ም.፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ ጋር በሚኒባስ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ደማቸው በማሽን ሲታጠብ ቆይቶ ይመለሳሉ።

እጥበቱ ነፍሳቸውን አቆየ እንጂ ጉልበታቸውን አልመለሰም። ጭናቸው ሟሸሸ። በስድስተኛው ወር በገዛ እጃቸው ከሠሩት ወንበር ላይ መነሳት አቃታቸው። ሚኒባስ ላይ ሰዎች ብብታቸውን ይዘው ሲያወጧቸው ከኀፍረት የተነሳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አንድ ማክሰኞ እጥበት ላይ ሳሉ ዮዲት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ይዛ አልጋቸው አጠገብ መጣች።

«አባቴ፣ ይህን ቁርጭምጭሚትዎ ላይ አስረዋለሁ። እግርዎን ቀስ እያደረጉ ያነሳሉ።»

«ደሜ ውጭ እየዞረ ነው እኮ ልጄ! የታመመ ሰው ይረፍ እንጂ ይሠራል?»

«እረፍቱ ነው እግርዎን የጨረሰው። መርፌ ያለበትን እጅዎን ብቻ አያንቀሳቅሱ። ካዞረዎት ወዲያው ይንገሩኝ።»

የዚያን ቀን አራት ጊዜ አንስተው ላብ አጠመቃቸው። ወይዘሮ ስሜነሽ ግን ነገሩን አጥብቀው ያዙት። አልጋው ግርጌ ተቀምጠው በአዊኛ ይቆጥሩላቸዋል፤ ቤት ሲገቡም ከወንበር እያስነሱ ያስቀምጧቸዋል።

«ተነስ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ገና ሦስት ይቀርሃል!»

እንቅስቃሴውን በጀመሩ በአራተኛው ወር አቶ በዛብህ ያለ ማንም እጅ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ወይዘሮ ስሜነሽ ወደ ተሳፋሪው ዞረው፣ «አያችሁት?» አሉ። ማንም ምን እንደሆነ አልገባውም።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወይዘሮ ስሜነሽ ጉንፋን ነው ብለው የናቁት ሳል የሳንባ ምች ሆኖ በአምስት ቀን ወሰዳቸው። ያረፉት ሐሙስ ማታ ነው። ቀብሩ ዓርብ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በትውልድ ቀያቸው ሆነ።

«አባባ፣ እርስዎ ባሕር ዳር ይሂዱ» አለ የበኩር ልጃቸው አበረ። «ከቀሩ ሰውነትዎ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ሳንባዎ ውስጥ ይገባል ብለዋል ሐኪሞቹ።»

«እናትህን ሳልቀብር?»

ወደ ቀብሩ የያዛቸው ባጃጅ ጭቃው ጋ ሲደርስ ቆመ። አበረ በቃሬዛ እንሸከምዎ ቢላቸው እሺ አላሉም። ከአስከሬኑ ኋላ በዝናብ፣ በዱላ እየተደገፉ፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል በእግራቸው ሄዱ። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ አልተቀመጡም።

ቅዳሜ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ተረፉ። ማክሰኞ ዮዲት ከረጢቱን ይዛ ስትመጣ እጇን ያዙ።

«ቆሜ ቀበርኳት፤ እግዜር ይስጥሽ። ከእንግዲህ ግን ወዴት ልሄድበት ብዬ ነው?»

ዮዲት ከረጢቱን መሬት አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን እሷን ላለማስቀየም ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሳሉ፤ ብዙውን ቀን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አንድ እሑድ፣ ቤታቸው አረፉ። ዮዲት ይህን ያወቀችው ማክሰኞ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ስታይ ነው።