«ኩባያው ገባ?»

አባቴን ሰፈሩ «አንጋጦ» ይለዋል። ሲያናግሩት አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቁልቁል ስለሚያይ ኩራት የሚመስላቸው ሞልተዋል። ኩራት ከየት አምጥቶ! ሃያ ዓመት ሙሉ የጣሪያ ማራገቢያ ሲሰቅል የኖረ አንገት ነው፤ እንደዚያው ቀረ።

ስለ እሱ ሲወራ ሁሉም የሚረሳው እናቴን ነው። ያለ እሷ አንድም ማራገቢያ ሰቅሎ አያውቅም ነበር። እሱ መሰላሉ ላይ ይወጣል፣ እሷ ጠረጴዛ ላይ ትቆማለች። ትልቅ ድስት የሚያህለውን ሞተር ፎጣ ደርባ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ታደርግና ወደ ጣሪያው ትገፋለች፤ እሱ ሽቦዎቹን ያገናኛል።

«ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ፤ አንተ ብቻ ፍጠን!»

ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ክሊኒክ ሄዱ፣ ፀጉር ቤት ሄዱ፣ ወሬያቸው ይቺው ነበረች። ልጅ ሆኜ ባልና ሚስት ሁሉ እንዲህ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

አምና ትከሻዋ አልታዘዝ አላት። ፀጉሯን ማበጠር አቅቷት እኔ አበጥርላት ጀመር፤ ማበጠሪያው ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ አየና «ከእንግዲህ ከትከሻዎ በላይ ምንም ነገር እንዳያነሱ። እምቢ ካሉ ክንድዎን ከአሁኑ ይሰናበቱት» አላት። እሷ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም።

በማግስቱ ሦስት ማራገቢያ የሚሰቀልበት ቀጠሮ ነበራቸው። አባቴ «ሌላ ሰው ልፈልግ» ቢላት «የማላውቀው ሰው አናትህ ላይ ጥሎብህ ጉድ ልሁን?» ብላ በግራ ትከሻዋ ይዛ ዋለች። ሲመለሱ ፊቷ አመድ መስሏል። ተናደድኩ፤ በሁለቱም ነው የተናደድኩት።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴ መንጠቆ መሥራት የጀመረው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጣሪያው ላይ ከሚታሰረው ብረት አንድ መንጠቆ ቢወጣ ሞተሩ እሱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰውየው በሁለት እጁ ሽቦውን ያገናኛል፤ የማንም ትከሻ አያስፈልግም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ነክቶኝ ነው?» እያለ ራሱን ሲወቅስ ሰነበተ። ጎረቤታችን በያጁ ብረቱን ያጥፍለታል፣ እሱ እቤት ጣሪያ ላይ ይሞክረዋል። ከታች ያነጠፈው ፍራሽ የእኔ ነበር። የመጀመሪያው መንጠቆ ሸክሙን አልቻለም፤ ተቃናና ሞተሩ ፍራሼ ላይ ዱብ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ሞተሩን ሁለት ቀን ሙሉ ይዞ ቆየ።

ፋብሪካው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማራገቢያዎቹ የሚሠሩበት ፋብሪካ ኃላፊ፣ አባቴ መንጠቆውን ሊያሳየው ሲሄድ፣ አምስት ጊዜ «ነገ ይመለሱ» አለው። በስድስተኛው አባቴ መሰላሉን ተሸክሞ ገባና ካርቶን በሚያሽጉት ሴቶች ፊት አንድ ማራገቢያ ብቻውን ሰቀለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ኃላፊው መንጠቆውን እያገላበጠ «ይሄ እኮ ምንም አይደለም» አለ።

«አዎ፣ ምንም አይደለም። ግን የለም» አለው አባቴ።

ከሁለት ወር በኋላ እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ አንድ መንጠቆ ይገኝ ጀመር። የአባቴ ስም የትም አልተጻፈም፤ እሱም ደክሞት ስለነበር አልጠየቀም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሄደ። እናቴ በር ድረስ ሸኘችው፤ ከዚያ የተጠረገውን ቤት በግራ እጇ እንደገና ስትጠርግ ዋለች። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ።

«ስንቴ አወረድከው?» አለችው፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«ምኑን?»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

«ኩባያው ነዋ!»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

ኩባያ የምንለው ጣሪያው ስር ሽቦውን የሚሸፍነውን ክዳን ነው። ሞተሩ ከመሰቀሉ በፊት የሚንጠለጠልበት ዘንግ ላይ መግባት አለበት። ከተረሳ መላ የለውም፤ ሽቦውን ፈትቶ፣ ሁሉን አውርዶ፣ እንደ አዲስ መጀመር ነው። አባቴ ኩባያ ረስቶ አያውቅም ይባል ነበር። ለካ የማይረሳው እሱ አልነበረም። ሞተሩን ትከሻዋ ላይ ከማውጣቷ በፊት ሁልጊዜ «ኩባያው ገባ?» የምትለው እሷ ነበረች። ከመልመዱ የተነሳ ድምፅዋን የራሱ ሐሳብ አድርጎት ኖሯል።

ምግቡን ሳይጨርስ ወረቀት አወጣ። ኩባያውን መሃል ለመሃል ለሁለት ከፍሎ ሣለው፤ ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ፣ ሁለት ብሎን። እንዲህ ከሆነ መጨረሻ ላይም ይገጠማል፤ ማንም ቢረሳው ችግር የለም።

«ነገ ፋብሪካ እሄዳለሁ» አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ድካም ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶ ነበር።

እናቴ ግራ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«ይሄን ተወው።»

«ለምን? ለሁሉም ሰው ይቀላል እኮ።»

«እንደሚቀልማ አውቃለሁ። ሞተሩን ወሰድክልኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ኩባያውንም ከወሰድክብኝ ምን ልሠራ ነው? ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ልዋል?»

«እማዬ፣ ብታርፊስ ምን አለበት?» ልል አፌን ከፈትኩና ፊቷን አይቼ ተውኩት።

አባቴ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ከዚያ አጠፈና መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ጠዋት መሰላሉን ከማንሳቱ በፊት የዕለቱን ካርቶን ከፈተ፤ ኩባያውን አወጣና ለእሷ ሰጣት። በግራ እጇ ተቀብላ በቀሚሷ ወለወለችውና ቀድማው ወጣች።