የእሽቅድምድሟ መኪና ጭራ

መርፌ ይሏታል። የመኪና ወንበር ስትሰፋ አርባ ዓመት አልፏታል፤ እውነተኛ ስሟን ሠፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ሟች ባሏ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር። እሱ የመኪናውን አካል ያቃናል፣ እሷ ወንበሩን ታለብሳለች። ሲኳረፉ እንኳ አንድ መኪና ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር።

ባሏ በሞተ በስድስተኛው ዓመት አንድ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነጋዴ አስጠራት። ሰውየው ሀብቱ ሲተርፈው የጥንት ዕቃ አፍቃሪ ሆኗል። መጋዘኑ ውስጥ፣ ከነጫጭ የሽንት ቤት መቀመጫዎች መሀል፣ አንዲት ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ቆማለች። ጭራዋ እንደ ዓሣ የሾለ ነው።

«እቺን ታውቂያታለሽ?» አላት። እናቱን የምታህል ሴት ናት፣ ግን አንቺ ነው የሚላት።

«አይቻታለሁ፣ ጌታዬ» አለች በደፈናው።

«ውድድር አሸንፋለች። ወረቀት አላት።» ወረቀቱን ያጻፈው ራሱ ነው።

መርፌ ግን የውድድሩ ቀን መንገድ ዳር ቆማ አይታለች። ያኔ የሚነዳት የአንድ መድኃኒት ቤት ባለቤት ነበር፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በኋላዋ ግንብ መታችና ጭራዋ ጭርምትምት አለ። ከአምስት መኪና አምስተኛ ወጣች፣ ያውም ተገፍታ። ቀጥቃጩ ባሏ ለጭራው የሚሆን ላሜራ ፍለጋ ሲንከራተት ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን መርፌ ወደ ቤት ስትገባ የግቢው የውኃ ታንከር የለም።

ባሏ የታንከሩን ላሜራ ቆርጦ፣ ጭራ እስኪሆን አሥራ አንድ ቀን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቶ ቀጠቀጠው። እሷ ያን በጋ ሙሉ ከቦኖ ውኃ ተሸከመች። «ሌላው ሚስቱን የሚበድለው ለሴት ብሎ ነው» ትለው ነበር፣ «አንተ ለጭራ!»

አሁን ነጋዴው የመኪናዋን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ የጥንት መኪና አዋቂ አስመጣ። አዋቂው ነጭ ጓንት አጥልቆ መኪናዋን ዞራት። ከፋብሪካ በወጣው ክፍል ላይ አረንጓዴ ወረቀት ይለጥፋል፣ በኋላ በተጨመረው ላይ ቀይ። ቀይ የተለጠፈበት ተነቅሎ ይጣላል። መሪው ከፋብሪካ የመጣው ራሱ ነበር፤ «በጣም ደህና ነው፣ ያጠራጥራል» ብሎ ቀይ ለጠፈበት። ጭራው ጋ ሲደርስ በጥፍሩ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ የፋብሪካ እጅ ነው። እዚህ እንዲህ የሚቀጠቅጥ ሰው አልተፈጠረም።» አረንጓዴ።

መርፌ አፏ ላይ የመጣውን መልሳ ዋጠችው። የባሌ ሥራ ነው ብትል ጭራው ቁራጭ ብረት ሆኖ ይጣላል። ዝም ብትል የባሏን ድካም ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ፋብሪካ ይወስደዋል።

«ሐሙስ የጭራውን ውስጥ አይቼ እፈርማለሁ» አለ አዋቂው።

«እስከዚያ ውስጡን ቆዳ አልብሺው» አላት ነጋዴው።

የጭራውን ክዳን ከፍታ መብራቱን ይዛ እስከ ወገቧ ገባች። ቀጥቃጩ ጽሑፍ ያለበትን የታንከሩን ፊት ወደ ውስጥ አዙሮት ኖሯል። ሰማያዊው ቀለም አሁንም ይነበባል፤ «ለመጠጥ ብቻ። እጅ አትታጠቡበት።» የባሏ የተንጋደደ ጽሕፈት ነው፤ ጎረቤት እጁን እየታጠበበት ሲያናድደው የጻፈው። እዚያው ጭራው ውስጥ ተጋድማ ሳቀች። ሳቋ ቆይቶ ሌላ ነገር ሆነ።

ቆዳውን አለበሰችው፤ ጽሑፉ ላይ ብቻ ሦስት ቁልፍ ያላት ክዳን ቢጤ ሰፋች። ሐሙስ አዋቂው ቆዳውን ደባበሰ፣ «ስፌት ማለት ይሄ ነው» አለ፣ ፈርሞ ማኅተሙን አሳረፈና ሄደ።

ያኔ መርፌ ነጋዴውን ጠራችው። «ና እስቲ ልጄ፣ እነዚህን ቁልፎች ፍታቸው።»

ፈታ፣ አነበበ። ከሽንት ቤት መቀመጫዎቹ የባሰ ነጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኔ የውኃ ታንከር። የቀጠቀጠው ባሌ።»

«ለሰው ተናግረሻል?» ዞር ዞር ብሎ አየ። «ማለቴ፣ ተናግረዋል እትዬ?»

«የቀጠቀጠበት መዶሻ ቤቴ አለ፤ ከመኪናዋ አጠገብ ይቀመጥ፣ የማን እንደሆነም ይጻፍበት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ዓይኔን ያጥፋው፣ ይጻፋል።»

መኪናዋ ለእንግዶች በምትመረቅበት ቀን መርፌ ነጠላዋን አሳምራ ሄደች። መዶሻው መስታወት ውስጥ ከፋይ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። እጀታው ላይ፣ ቀጥቃጩን እጁን እንዳይልጠው ብላ እሷ የሰፋችለት ቁራጭ ቆዳ አለ። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፤ «የፋብሪካው ዋና ባለሙያ መዶሻ»።

«ከመኪናዋ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» ይላል ነጋዴው ለእንግዶቹ። ዓይኑ እንደሆነ ደህና ነው፣ አልጠፋም።

መርፌ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣችና ዘበኛውን «አንዲት ቁልፍ ላልታለች፣ ላጥብቅ» አለችው። አሳለፋት። የጭራውን ክዳን ከፍታ፣ ሦስቱን ቁልፎች ፈትታ ቆዳውን ወደ ኋላ አጠፈችና በድርብ ክር እንደታጠፈ ሰፋችው። ያን ስፌት ከምላጭ በቀር የሚፈታው የለም። ውስጡ ያበራችውን መብራትም እንደበራ ተወችው።

አንዲት ወፍራም እንግዳ ጎንበስ አለች። «ለመጠጥ… ብቻ። ጌታው፣ መኪናዋ በውኃ ነበር እንዴ የምትሮጠው?»

የነጋዴው ንግግር መሀል ላይ ተቋረጠ።

መርፌ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የባሌ ጽሕፈት ነው» አለች። ከዚያም ያ ታንከር ስንት ባልዲ ይይዝ እንደነበረ፣ ቦኖው ምን ያህል ይርቅ እንደነበረ፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ማውራት ጀመረች።