ከድራሙ ወንበር ያስነሳኋቸው እናት

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሊትልተን ከተማ ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ይሄን ለባሌም አልነገርኩትም... እናንተ ግን ስሙኝ።

አራት ሽማግሌዎች የድሮ የዳንስ ሙዚቃ ሊጫወቱልን መጥተው፣ ዕቃቸውን ደርድረው ልብስ ሊቀይሩ ወጡ። አዳራሽ ስገባ አንዲት የዘጠና ስምንት ዓመት ፈረንጅ ነዋሪያችን ድራሙ ጋ፣ መደገፊያ በሌላት ክብ ወንበር ላይ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል። ቢወድቁስ?

«እማማ፣ እዚህማ አይመችዎትም» ብዬ እቅፍ አድርጌ አነሳኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ዛሬ...»

«ምንም አያስቡ፣ ጥሩ ቦታ አለኝ!»

ከኋላ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ዊልቸር ላይ አስቀመጥኳቸው። ብሬክ ያዝኩ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፣ ኬክ ሰጠኋቸው። እንደ እናቴ ያዝኳቸው ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ድራሙ ጋ ሰው የለም። እሳቸው በጣታቸው የዊልቸሩን እጀታ መታ መታ ያደርጋሉ። እኔ ብልጧ እጃቸውን ያዝ አድርጌ «ኬኩ እንዳይወድቅ» አልኳቸው። ተዉት።

ዘፈኑ ሲያልቅ የባንዱ መሪ ማይክ ያዘ።

«ዛሬ ድራም ሊመቱልን የነበሩት የዚሁ ቤት ነዋሪ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ፣ ከሴቶች ባንድ ጋር ከተማ ለከተማ እየዞሩ የመቱ ናቸው። ለዛሬም ሦስት ወር ተለማምደዋል። ወንበሩን ባዶ ስናገኘው አመማቸው መሰለን...»

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እሳቸው እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብሬኩን ለቅቄ ወደ ድራሙ ወሰድኳቸው። ወንበሯ ላይ ደግፌ አስቀምጬ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ወንዶቹ ከጦርነት ሲመለሱ ተነሽ አሉኝ። ከዚያም በኋላ በየባንዱ ተነሽ ተብያለሁ። አቅፎ ያስነሳኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ።

ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መቱ... አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የተለማመዱት ግን ሁለት ዘፈን ነበር። የመጀመሪያው በእኔ ጦስ አለፋቸው።

ቤቴ ግሪን ቫሊ ራንች እስክደርስ መኪና ውስጥ «ትልቅ ሰው ማክበሬ እኮ ነው» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። ግን እውነቱን ልናገር... ያቺ ወንበር ላይ ያገኘሁት የዘጠና ስምንት ዓመት ወንድ ቢሆን ኖሮ፣ ድራመሩ ነው ብዬ ዝም ብዬ አልፌው እሄድ ነበር።