በየሐምሌው አዲስ ዱላ

አቦኮር ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ በየቀኑ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ግድግዳ ማጠጣት ነው። ታቹን በምስማር በበሳሳው የዘይት ጣሳ ከበርሜሉ እየቀዳ፣ በዚያ ሰሞን የገነባውን የብሎኬት ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ያረሰርሰዋል። ውሃ ያልጠገበ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። ሰፈሩ ደግሞ ውሃ የሚያገኘው ከአህያ ጋሪ ነው፤ ስለዚህ ሚስቱ ሳሚያ ሩዝ ያጠበችበትን እንኳ አትደፋም፣ ለግድግዳው ታስቀምጥለታለች።

“እኔ ስጠማ እንዲህ ሮጠህልኝ ታውቃለህ?” ትለዋለች።

“አንቺ አትሰነጠቂም።”

“አቦ ተው! ገና አላየኸኝም።”

ቤቱ ሐርጌሳ ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ጁን በሚባል ሰፈር ያለ የአባቱ ቤት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው ተነቅሎ ተወስዷል፤ በሮቹም መስኮቶቹም እንደዚያው። አቦኮር በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ ድሬዳዋ አደገ፤ ግንበኝነት የተማረው እዚያ ነው፣ ሳሚያንም ያገባው እዚያ ነው። ሰላም ሆነ ተብሎ ሐርጌሳ ሲመለሱ ሳሎኑ መካከል እሾህ በቅሎ አገኙ። ነቅለው ገቡበት። ቀን ቀን የሰው ቤት እየገነባ፣ ጠዋትና ማታ የራሱን እየጠገነ አራት ክፍልና አንድ ኩሽና አቆመ። ጎረቤቶቹ አማርኛ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ስለሚሰሙት “ሐበሻው” ይሉታል። ስድብም ባይሆን ምርቃት አይደለም።

ራሱ ያቆመው ቤት የራሱ አልነበረም። አባትየው ሞተዋል፤ ታላቁ ልጅ ባሺር ነው፤ የታላቅ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ባሺር ከጦርነቱ በፊት ለንደን የገባ፣ መጀመሪያ ላይ የሲሚንቶ ገንዘብ ይልክ የነበረ፣ ኋላ ላይ የተወ ሰው ነው። አቦኮር “ቤቱ ውስጥ እንኑር ወይስ እንውጣ?” ብሎ በጠየቀው ቁጥር “እናያለን፣ ኢንሻአላህ” ይላል። ይህ “እናያለን” ስድስት ዓመት ሞላው።

ባሺር በየሐምሌው ይመጣል። ሲመጣም አንድ ረጅም ቦርሳ ተሸክሞ ነው። ቦርሳው ውስጥ ያለው የጎልፍ ዱላ ነው፤ ከዱላዎቹም ሁሉ የሚወደው ኳስ እጅግ ሩቅ የሚሰደድበትን፣ ራሱ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህለውን፣ እሱ “ድራይቨር” የሚለውን ነው። በመጣ ማግስት ጠዋት፣ አቦኮርን በመኪና ይዞ ከከተማው ዳር ካለው የአያሃ ሰፈር ባሻገር ወዳለው ጠፍ ሜዳ ይወጣል። ሣር የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ባንዲራ የለም። ቀይ አፈር፣ ቁጥቋጦና የሰው ፍየሎች ብቻ አሉ።

“ዘንድሮ አዲስ ወጥቷል” ይላል ባሺር፣ በየዓመቱ።

“አምናስ አዲስ አልነበረም እንዴ?” አለው አቦኮር አንድ ጊዜ።

“አምና የወጣው የአምና ነው። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ ያወጣሉ። አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይታገሣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ ሁለት ያወጣል። በፈረንጆቹ ክረምት ይለፈፋል፣ በጸደይ ሰው እጅ ይገባል፣ የዱሮው ዋጋ በግማሽ ይወርዳል።”

“የአምናው ተሰበረ?”

“ለምን ይሰበራል?”

“ታዲያ ምን ጎደለው?”

“አምና መሠራቱ ነዋ!” ብሎ ሳቀ ባሺር።

አቦኮር ይህን ለሳሚያ ሲነግራት፣ “የአባቴ መዶሻ ሦስት ቤት አቁሟል፤ እነዚህ ዱላ በየዓመቱ ይወልዳሉ?” አለች። ያረጀው ዱላ ለአቦኮር ይሰጣል። እሷም በአንዱ የልብስ ገመድ ደገፈች፣ አንዱን ለአጎበር መስቀያ አደረገችው፤ የቀሩት ጥግ ላይ ተደርድረዋል።

ነገሩ የተበላሸው ገና በመጀመሪያው ሐምሌ ነው። ባሺር ፀሐይ አይችልም፤ ይመታና መኪናው ጥላ ሥር ይቆማል። ኳሱን ፍለጋ የሚሄደው አቦኮር ነው። ሲያገኘው ሻሹን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል፤ ያን ጊዜ ባሺር በመኪና ይመጣል። በዚያ ቀን ኳሱ ብዙም ሳይርቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። አቦኮር የወንድሙን ፊት አሰበ፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገና አልጠየቀውም። ኳሱን አነሣና ወደ ፊት ወርውሮ፣ ካረፈበት ቦታ ሆኖ ሻሹን አውለበለበ።

ባሺር ሲደርስ አቀፈው። “ማሻአላህ! ይህን ያህል መትቼ አላውቅም!” ኳሱ ያረፈበት ላይ ድንጋይ አስቀመጡ፣ ኖራ ቀቡት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ዋጋ ተከፈለ።

በሚቀጥለው ሐምሌ አዲስ ዱላ መጣ፤ አዲስ ዱላ ከአሮጌው አንሶ መገኘት የለበትም። አቦኮር ኳሱን ይዞ ከነጩ ድንጋይ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ከሁለተኛው ድንጋይ አለፈ። እንዲህ እያለ በሜዳው ላይ ድንጋዮቹ እንደ መንገድ ምልክት ተሰለፉ፤ አንዱ ከአንዱ ይርቃል። በየድንጋዩም አንድ ነገር ተገኝቷል፦ አንዴ በር፣ አንዴ የውሃ በርሜል፣ አንዴ የኩሽናው ሲሚንቶ።

በዚህ ዓመት ሊጠይቅ ያሰበው ዕቃ አልነበረም። ሳሚያ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ነበር፤ “ዘንድሮ ‘እናያለን’ን ተቀብለህ እንዳትመጣ” ብላዋለች።

ባሺር መታ። አቦኮር ኳሱን ይዞ ከድንጋዮቹ ሁሉ አለፈ፣ አስቀመጠ፣ ሻሹን አነሣ። ባሺር ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነበር።

“ወላል” አለ አቦኮር፣ በሶማሊኛ “ወንድሜ” ማለቱ ነው፣ “ስለ ቤቱ እንድንነጋገር ፈልጌ ነበር።”

“እኔም ልነግርህ ነበር!” ባሺር ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለ። “ተቋራጭ ይዣለሁ። ቅዳሜ ሎደር ይመጣል። ያንን ቤት አፍርሰን ባለ ፎቅ እንሠራለን፤ መስተዋት በመስተዋት።”

አቦኮር፣ “ግድግዳው እኮ ጤነኛ ነው። ፎቁን ከላዩ ልሠራልህ እችላለሁ፤ መሠረቱን ራሴ አይቼዋለሁ” አለ።

“ጤነኛ መሆኑን መቼ አጣሁት? ግን አሮጌ ነው።” ባሺር ወደ ድንጋዮቹ ጠቆመ። “አንተው ምስክሬ ነህ። በስድስት ዓመት ውስጥ አሮጌው አዲሱን በልጦት ያውቃል? አንድ ቀን? የሚጠግን ሰው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ያስተማረኝ ይህ ሜዳ ነው። ደግሞ አትስጋ፤ ከበሩ አጠገብ የዘበኛ ክፍል አለ፣ እሱን ለናንተ ብያለሁ።”

አቦኮር ድንጋዮቹን አያቸው። እያንዳንዳቸውን ተሸክሞ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ኖራውንም የቀባው እሱ ነው።

“ኳሶቹን እኔ ነኝ ያራቅኋቸው” አለ።

“ምን?”

“በየዓመቱ። አንስቼ ወደ ፊት እወስዳቸው ነበር። ደስ እንዲልህ።”

ባሺር ሳቀ። “ለቤቱ ብለህ ነው ይህን የምትለው።”

“የአምናው ዱላ ቦርሳው ውስጥ አለ። በሁለቱም ምታ፤ ራስህ ሄደህ እይ። እኔ ከመኪናው አልንቀሳቀስም።”

ባሺር እልህ ያዘው። ወደ መምቻው ቦታ ተመልሰው፣ ሦስት ኳስ በአዲሱ፣ ምልክት ያደረገባቸውን ሦስት ኳስ ደግሞ በአምናው መታ። ከዚያም በዚያ ፀሐይ በእግሩ ሄደ። አቦኮር መኪናውን ተደግፎ ጀርባውን ያያል። ባሺር አንዴ ያጎነብሳል፣ አንዴ ይቆማል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ፍየል የምትጠብቅ አንዲት ሴት ቆማ ታየው ነበር።

ስድስቱም ኳሶች ተቀላቅለው ወድቀዋል። ከሁሉ የራቀው የአምናው ነበር፤ እሱም በትንሽ። አንዳቸውም ግን የመጀመሪያው ዓመት ድንጋይ ዘንድ አልደረሱም።

ባሺር ኳሶቹን በሸሚዙ ታቅፎ ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሁለቱንም ዱላዎች ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ዚፑን ዘጋ። የአምናውን ዘንድሮ ለማንም አልሰጠም።

“ለንደን ላሉት ጓደኞቼ አውርቻለሁ” አለ በመጨረሻ። “በየዓመቱ። ስልክ ደውዬ።”

“ይቅር በለኝ፣ ወላል።”

“ስድስት ዓመት ስትስቅብኝ ከርመሃል።”

“ወላሂ ስቄብህ አላውቅም።”

ባሺር የመኪናውን ሞተር አስነሣና ወደ ሰፈር ነዳ። በሩ ላይ ሲያወርደው መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ “የዘበኛውን ክፍል ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። የሚዋሸኝን ሰው በሬ ላይ አላስቀምጥም” አለው፤ ወዳረፈበት ሆቴልም ሄደ።

ሳሚያ ከኩሽናው ብቅ አለች። ፊቱን አይታ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“‘እናያለን’ አለህ?”

“ሊያፈርሰው ነው። ቅዳሜ።”

“እኛስ?”

“ክፍል ሊሰጠን ነበር። የዘበኛ።”

“ነበር?”

“እውነቱን ነገርኩት። የኳሱን ነገር።”

ሳሚያ የኳሱን ነገር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ታውቃለች፤ በማታ በማታው አብረው ስቀውበታል። የበርሜሉን ጠርዝ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“እውነት ያገኘኸው ዘንድሮ ነው?” አለችው። “ቆርቆሮው ሲመጣ የት ነበር? በሩ ሲመጣ የት ነበር?”

“ድንጋዮቹን እያሳየ ሲያስረዳኝ ዝም ማለት አቃተኝ።”

“ስድስት ዓመት የቻልከውን!” አለች፤ ሌላም ልትጨምር ፈልጋ ነበር፣ ግን ልጆቹ ከቁርአን ትምህርት ገቡ።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ባሺር ወዳረፈበት ሆቴል ሄዱ። ሻይ ጋበዛቸው፣ አከበራቸው፤ “የቤተሰብ ጉዳይ ነው” ብሎ ሸኛቸው።

ቅዳሜ ሎደሩ መጥቶ በኩሽናው በኩል ጀመረ። ግድግዳው በአንድ ግፊት አልወደቀም፤ ነጂው ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ ገፋው፣ ወርዶም ማን እንደገነባው ጠየቀ። የሚነግረው ሰው አልነበረም። አቦኮርና ሳሚያ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወደ አያሃ ወጥተዋል፤ የሳሚያ የአክስት ልጅ ረሺዳ እስከ ረመዳን ድረስ አንድ ክፍል ለቃላቸዋለች። ሰኞ ዕለት አቦኮር ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሰፈር እየተገነባ ባለ ሆቴል በቀን ሠራተኛነት ገባ።