ዘበኛ የሌለው ውኃ

አማቴን ይዤ ጎርጎራ ልሄድ ነው ብዬ ለቤተሰቡ ስናገር፣ ከሰበታ ለጥየቃ የመጣችው የባሌ እህት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «እናቴን እኮ ሐይቅ ዳር ነው የምትወስጃት» አለችኝ። «እንደወሰድሻት መልሺያት።»

ነገሩ የጀመረው በማኅበራችን ነው። ቡራዩ ውስጥ ወር በወር ጽዋ የምንጠጣበት ማኅበር አለን። ያን ዓመት መንገዱ ሰላም ነው ስለተባለ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ሚኒባስ ተከራይተን ጎንደርን ልናይ፣ ከዚያም ጣና ዳር ያለውን የድሮ ንጉሥ ግንብ ልንጎበኝ ተስማማን። አማቴ የማኅበሩ አባል አይደሉም። ገፈርሳ ግድብ አጠገብ፣ ባሕር ዛፉን ተሻግሮ፣ ከላሞቻቸው ጋር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ወሬው እሳቸው ዘንድ እንዴት እንደደረሰ እንጃ፤ ብቻ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ዕድሜ ልኬን አጠገቡ የኖርኩት ውኃ የአዲስ አበባ ነው። ከብት ላጠጣ ስጠጋ ዘበኛ ያፏጫል። ዘበኛ የሌለው ውኃ አንድ ቀን ልይ።»

እንዲህ ያለ ሰው እምቢ ይባላል? እኔ አልቻልኩም።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ቋንቋችን ነው። አማቴ አማርኛ ይችላሉ፤ ሲደነግጡ ግን አማርኛው ጥሏቸው ይሄዳል፣ ኦሮምኛቸው ብቻ ይቀራል። የኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው። ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው ቡራዩ ላይ እህል ሲነግዱ ተወለድኩ፤ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ጥዬ ሱቅ ስቀመጥ ከገዢና ከሻጭ የለቀምኩት ነው። ከእህልና ከከብት ከወጣ አያስኬደኝም።

ሁለተኛው ሣሩ ነው። በአማቴ ዘንድ ትልቅ ውኃ ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም። ጫማ ይወልቃል፣ እርጥብ ሣር ይያዛል፣ ሣሩን ውኃው ላይ ነከር አድርገው ክረምቱን በሰላም ያሻገረውን አምላክ ያመሰግናሉ። ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ የማይውሉ ሴት ናቸው፤ ሁለቱ ነገር እሳቸው ውስጥ ተጣልቶ አያውቅም። ገና ከቡራዩ ሳንወጣ፣ «እዚያ ሣር ይገኛል?» ብለው ጠይቀውኛል። «ሐይቅ ዳር ሣር ሊጠፋ ነው እንዴ?» አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።

ግንቡ ጋ የደረስነው ከምሳ በፊት ነው። ከሐይቁ በላይ ኮረብታ ላይ ቆሟል። ጣራው ወድቋል፣ ግድግዳው ላይ ግን ድንጋዩ እንደ ጥልፍ አበባ አበባ ሆኖ ተፈልፍሏል። አማቴ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆዩና አስጎብኚውን፣ «ይሄን ሁሉ ጭቃ ያቦካችው ማን ናት?» ብለው ጠየቁት። ጭቃ ሳይሆን ኖራ ነው አላቸው። «ይሁን፤ ኖራውንስ ያቦካችው?» አሉ። አስጎብኚው ስለ ንጉሡ ብዙ ያውቅ ነበር፤ ስለ አቡኪዋ ግን አያውቅም። ሳቅን።

የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ ሰዓቱን እያየ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም መኪናው ውስጥ እንዲገኝ አስጠነቀቀን። ከመሸ ያን መንገድ መሄድ አይቻልም። አማቴ ከትልቅ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ «መቼ ነው የምንወርደው?» አሉኝ። ከእግራችን በታች ሐይቁ ይታያል፣ ዳርቻ የለውም። አሁን እንወርዳለን አልኳቸው። ጥቂት ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና አሁን አልኩ።

አሁን እያልኩ ያቆየኋቸው በሚያሳፍር ምክንያት ነው። አስጎብኚው ፈጥኖ ስለሚናገር የማኅበሩ ሴቶች ታሪኩ አልጨበጥ ብሏቸው፣ እስቲ አንቺ ድገሚልን አሉኝ። እኔን ደግሞ ተረኪ ማለት ነው ጥፋቱ። ደረጃው ላይ ወጣሁና ጀመርኩ። ከጎንደር የገዛሁትን ትንሽ መጽሐፍ ሌሊቱን አንብቤው ስለነበር አስጎብኚው የዘለለውን ሁሉ ጨመርኩ። ንጉሡ እንዴት ሃይማኖት እንደለወጠ፣ አገሩ እንዴት እንደተበጣበጠ፣ በመጨረሻም ዘውዱን ለልጁ እንደተወ። ሴቶቹ ከንፈር ሲመጡልኝ እኔም እየጣመኝ አረዘምኩት።

ስጨርስ ዋርካው ሥር ማንም አልነበረም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ለሽንት ዞር ብለው ይሆናል አልኩ። ከግንቡ ጀርባ ሄድኩ፤ የሉም። የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር ወደተባለው ጉድጓድ አጎንብሼ ሳይ ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው። በኦሮምኛ እናቴ ለማለት «ሀርሜ» እያልኩ ተጣራሁ፤ ድምፄ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ተመለሰ። ስምንት ሰዓት አልፏል። ሙሴ ሰዎቹን በየአቅጣጫው ላከ። እኔ ጆሮ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው፦ እንደወሰድሻት መልሺያት።

ቁልቁለቱ ላይ ልብስ አጥባ የምትመለስ ሴት አገኘሁ። አዎ፣ አንዲት አሮጊት አይቻለሁ አለችኝ። ብቻቸውን መሆናቸው አስደንግጧቸው ነው መሰለኝ፣ ቋንቋቸው አልገባትም፤ ግን የደረቀውን ሣር እያሳዩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ የሆነ ነገር ፍለጋ ላይ ነበሩ። እርጥብ ሣር መሆኑ ሲገባት ወደ ታች ጠቁማቸዋለች። ጥር ነው፤ ኮረብታው ሁሉ እንደ ገለባ ቢጫ ነው። አረንጓዴ ያለው ሐይቁ ዳር ብቻ።

ቁልቁል ሳይ አየሁት። ከዳርቻው ጀምሮ ወደ ውስጥ የተዘረጋ ለምለም ሜዳ፣ ወይን ጠጅ አበባ ጣል ጣል ያለበት። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው እፎይ አልኩ። ገፈርሳ እንደዚያ ነው። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሸሸበት ሣር ያበቅላል፤ ከብቱም ሰዉም በላዩ ይሄዳል፣ ከታች መሬት ነው። አማቴ ሰባ ዓመት ሙሉ የረገጡት እንዲያ ያለውን ነው። እኔም ሜዳ አገኙ ብዬ ተደሰትኩ።

ከዚያ ነፋስ መጣና ሜዳው ከፍ አለ፤ መልሶም ዝቅ አለ። ሜዳው ይተነፍስ ነበር።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ዳርቻው ላይ የኮንጎ ጫማቸው ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አፍንጫው ወደ ሐይቁ ዞሮ። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ፣ አረንጓዴው መሐል፣ አማቴ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። አይጮኹም። በሁለት እጃቸው ሣሩን ይዘዋል። ነጠላቸው ቅጠሉ ላይ እንደ ተሰጣ እህል ተዘርግቷል።

አንድ እግሬን አስገብቻለሁ መሰለኝ፣ ከደንገሉ መሐል የወንድ ድምፅ፣ «እህቴ፣ እንዳትገቢ» አለኝ። በደንገል ታንኳው ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅ ነው። «እምቦጭ ነው። ከሥሩ መሬት የለም። አሁን ሥሩ ነው የያዛቸው፤ ከተንፈራገጡ ይለቃቸውና በላያቸው ይከደናል። በዚህ በኩል አያሳልፈኝም፣ ዞሬ ልምጣ። እስክመጣ እንዳይነቃነቁ በያቸው።»

እና ሄደ። ዞሮ እስኪመጣ እኔ ያለኝ አፌ ብቻ ነበር።

«እማማ፣ እንዳይነቃነቁ» አልኩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ ግን የሰሙ አይመስሉም። ትከሻቸው ወደኔ ሊመጣ ሲል አየሁ። አማርኛው ጥሏቸው ሄዷል። «ሀርሜ፣ ሂን ሶቾኢን» አልኩ በኦሮምኛ፣ አይነቃነቁ ለማለት። ቆሙ።

«መርጋ ነቲ ፈካቴ» አሉኝ በቀስታ። ሣር መሰለኝ ማለታቸው ነው። ጥፋት እንደሠራ ልጅ ነው ያሉት፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

እኔም መስሎኝ ነበር ልላቸው ፈለግኩ፤ ቃሉን አጣሁት። የማውቀው ኦሮምኛ የገበያ ነው ብያችኋለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ወደኔ ይራመዳሉ። ስለዚህ ስለማውቀው ጠየቅኳቸው፤ ስለ ላሞቹ። ጥቁሯ ታለባለች ወይ አልኩ። ትታለባለች አሉ። ቀንደ ሰባራዋስ? ነጥፋለች። ውኃው ከወገብ ወደ ደረት እየወጣ ነው። ጊደሯስ? ጊደሯን እንዲሸጡ ሰበታ ያለችው ልጃቸው እንደምትወተውታቸው፣ እሳቸው ግን እንደማይሸጡ ነገሩኝ፤ እዚያ ውኃ ውስጥ ሆነው ከልጃቸው ጋር ተከራከሩ። እኔ ግንባሬን ላብ አጥምቆኝ ጥያቄ እፈልጋለሁ። ቀይዋ መቼ ትወልዳለች ለማለት ተቻኩዬ ቀዩ በሬ መቼ ይወልዳል አልኳቸው።

ከንፈራቸው ሰማያዊ እንደሆነ፣ በአማርኛ፣ «በሬ አይወልድም፣ ልጄ» አሉ።

አማርኛው ተመልሶላቸዋል።

ታንኳው ከወዲያ በኩል እምቦጩን እየሰነጠቀ ደረሰ። መድረሱ ራሱ አደጋ ሆነ፤ ሲጠጋ የገፋው ውኃ አረንጓዴውን አናወጠውና አማቴ እስከ አንገታቸው ገቡ። ሰውዬው የመቅዘፊያውን እንጨት ፊታቸው ዘረጋላቸው። «ይያዙት፣ እናት ዓለም» አላቸው። አልያዙትም። እጃቸው ሙሉ ነው። ሁለቱም እጃቸው ሣር ይዟል።

«ሣሩን ይልቀቁት» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ ድረስ የመጡት ለሱ ነው። እየለመንኩ፣ እያለቀስኩ፣ ሁለት ሦስቴ ደጋገምኩ። ውኃው አገጫቸውን ነክቷል። ያኔ ያደረጉትን ማንም አያምነኝም፦ ሣሩን ሁሉ ወደ አፋቸው ወስደው በጥርሳቸው ነከሱት፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው እንጨቱን ያዙ። ሰውዬው ተንበርክኮ ስቦ ስቦ ታንኳው ላይ ጎትቶ አወጣቸው፣ እንደ ረጠበ ጆንያ ውኃ እየፈሰሳቸው፣ ሣሩ ከአፋቸው እንደተንጠለጠለ።

ወዲያው ወደኔ የሚመጡ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልመጡም። ከአፋቸው አውጥተው ሣሩን አስተካከሉት። አንዷ ወይን ጠጅ አበባ ከነግንዷ አለች። ጎንበስ ብለው ሐይቁ ላይ ነከሩት፣ አነሱት፣ እንደገና ነከሩት። የሚሉት አይሰማኝም፤ ከንፈራቸው ግን አልቸኮለም። ሰውዬው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ እንጨቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃቸው።

ሚኒባሱ ጋ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሙሴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የለበሱት መርጠቡን ሲያይ ጋቢውን አውልቆ ሰጣቸው። መኪናው ውስጥ ልብሴን አልብሼያቸው፣ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳሻሽ፣ ለልጆቹ ባንነግራቸው ምን አለበት ብዬ አሰብኩ። አሳቤን ያወቁብኝ ይመስል፣ «አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ወሬ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሰበታ ሄጄ ለባሌ እህት ነገርኳት። ደረጃው ላይ ወጥቼ ስተርክ መጥፋታቸውን ጭምር፣ ሳልደብቅ። እስክጨርስ ሰማችኝ። እንግዲህ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ያለኝ ነገር አበቃ ብዬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጫማዋን አውልቃ ነበር?»

«አውልቀው ነበር። ጎን ለጎን አስቀምጠው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲያው ብትይዣትም ትሄድ ነበር» አለችኝ፣ ተነስታም ምሳ አቀረበችልኝ። አብረን በላን። ስንበላ ግን አንዴ የጠቀለለችውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

ገፈርሳ ውኃው በየበጋው ይሸሻል፤ ሣሩም ይበቅላል። ዘበኛው ሳያየን ከአማቴ ጋር ላሞቹን ይዘን እንወርዳለን። ከሐይቁ ከተመለስን ወዲህ ግን ለምለሙ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰባ ዓመት የረገጡትን መሬት ያዩታል፣ እኔን ያዩኛል።

«ቀድመሽ ግቢ» ይሉኛል። «አንቺ ወፍራም ነሽ፤ አንቺን ከቻለ እኔን ይችላል።»

እገባለሁ። ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አደርግና እጄን እዘረጋላቸዋለሁ።