ከአረንጓዴው ቢን የወጣ ቃጫ

ዌስትቼስተር ያለው ሆቴል ሰው ሲቀንስ እናቴንም ቀነሳት። ቀኑን ሙሉ አልጋ ሲያነጥፍ የኖረ እጅ ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው። የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች፣ እኔ ላይ ትነጫነጫለች። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም፣ ሶ ቤቱ አላስቀምጥ አለን።

ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ያለው አፓርትመንታችን ጓሮው ሙዝ ነበረው። አትክልተኛው ፍሬውን የጨረሰውን ግንድ ይቆርጥና አረንጓዴው የቆሻሻ ቢን ውስጥ ይጥለዋል። አንድ ቀን እናቴ ጎትታ አወጣችው። ጉራጌ አገር እንሰት ስትፍቅ ያደገች ሴት ናት፣ ሙዝና እንሰት ደግሞ ሲያዩዋቸው እህትማማቾች ናቸው። ሽፋኑን እየገነጠለች ጣውላ ላይ ዘርግታ በደነዘ ቢላ ስትፍቀው ነጭ ቃጫ ወጣ። እኔ አፈርኩ። ቆሻሻ ለቃሚ መሰልሽ አልኳት። ሌላ ሽፋን ገነጠለች።

ከቃጫው የገላ መፋቂያ ሠራች። ፌርፋክስ ላይ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እትዬ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉላት፤ አለቀና ጨምሪ አሏት። ያን ሳምንት አልተጣላንም።

የተረፈውን ፍቅፋቂ ግን መጣል አልሆነላትም። የእንሰት ቢሆን ቆጮ የሚሆነው እሱ ነው። የሙዙ ውሃ ብቻ መሆኑን ማን ይንገራት? እንደ ቆጮ እንዲብላላ በቅጠል ጠቅልላ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ቀበረችው። በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። የአፓርትመንቱ ማኔጀር አስቆፍሮ አስወጣው፣ በዚያው ሙዙንም ከነሥሩ አስነቅሎ ቦታውን ጠጠር አለበሰው። እናቴ ወደ ሰሃኑ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሚራክል ማይል ሰፈር ድራይቭ እያደረግኩ የሰው ቢን የምከፍተው እኔ ሆንኩ። በመጨረሻ አንድ የሙዝ ግንድ አገኘሁ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር የኋላ ወንበር ላይ እንደጫንኩት ሄድኩ፤ ፀሐይ ላይ ፓርክ በተደረገው መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቀን ከረመ።

ቤት ሳደርሰው እናቴ በጥፍሯ ወጋ አደረገችው።

«መቼ ነው የተቆረጠው?»

«እኔ እንጃ። ያገኘሁት ከትናንት ወዲያ ነው።»

«በተቆረጠበት ቀን ካልተፋቀ ቃጫው አብሮ ይበሰብሳል። ስነግርሽ የት ነበርሽ?»

ስትነግረኝ አጠገቧ ነበርኩ፣ ስልኬ ላይ።

ግንዱን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን ወደ ቢኑ ወሰድነው። ክዳኑን የዘጋችው እሷ ናት። ስንገባ ሰሃኖቹ ታጥበው ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አወረደቻቸውና ውሃውን ከፈተች።