ባቡር ቤቷ ያደረሳት ልጅ

የፎቶ ኮፒ ማሽኔ አረንጓዴ ብርሃን ከክዳኑ ስር ሲያልፍ ሁልጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወዲያው የቶነሩ ሽታ ይመጣል፤ ወረቀቱ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ሞቆ እጄ ላይ ይወድቃል። ሳላነበው ግን ለባለቤቱ አልሰጥም። የድሬዳዋ ሰዎች በዚህ ያሙኛል። «እሷ ጋ ማመልከቻ ኮፒ ልታስደርግ ከሄድክ አራት ነጥብህን ቆጥራ ነው የምታስረክብህ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ተማሪ ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ አሮጌ ወረቀት ሰጠችኝ። ብርሃኑ አለፈ። ቅጂውን አንስቼ ማንበብ ስጀምር ጽሕፈቱ የኔ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እጽፈው የነበረው፣ ፊደሉ ሁሉ ለሰልፍ የቆመ የሚመስለው የቁም ጽሕፈቴ።

«ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የድሮ መዝገብ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ አክስቴ» አለችኝ ልጅቷ። «ሰኞ ጠዋት በማይክ አነበዋለሁ። እስር ቤት የነበረች ልጅ ናት የጻፈችው። መጨረሻው ሲያምር!»

መጨረሻውን አየሁት። አራት ስንኝ።

«ማሽኑ በጣም ሞቋል፤ ነገ ነይ» አልኳት። ዋሸሁ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ከሄደች በኋላ መቀመጥ አቅቶኝ ከማሽኑ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ማሽኑ ስመላለስ ዋልኩ። ሁለት ማመልከቻ ሳላነብ ሰጠሁ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አድርጌ አላውቅም።

ልንገራችሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ዘግይቼ ነው የገባሁት። እናቴ ታማ ስለነበር ታናናሾቼን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻው ልጅ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ እኔም አብሬው ተመዘገብኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አምስተኛ ክፍል ስንደርስ አሥራ አምስት ሞላኝ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ስር አልገባ ይለኝ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ግን ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ሶማልኛ ነው የሚነገረው፤ ድምጿ ደግሞ ለሦስት ሰው ይበቃል። ከተቆጣችኝ በሶማልኛ «ናያ!» ብላ ትጠራኛለች፣ አንቺ ልጅ እንደማለት። ልታሾፍብኝ ካማራት ደግሞ ቁመቴን ሽቅብ አይታ፣

«እናቴ፣ ልጆችሽ ደህና አደሩ?» ትለኛለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ እርሳሴን እቀርጻለሁ።

የትምህርት ቤታችን ደወል ከኒም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው ጥርስ ድረስ ይሰማል። ለኛ ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ የባቡሩ ልጅ ነው። አባቴ ራሱ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ነበር። ወደ ጅቡቲ በወረደ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይመለሳል። ጥሩምባው ከሩቅ ሲሰማ ሴቶቹ ነጠላቸውን፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ይወጣሉ፤ እኔም ከጣቢያው አጥር ስር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ናፍጣ ናፍጣ ከሚሸተው ኪሱ ተምር አውጥቶ እጄ ላይ ያደርግልኛል። ተምሩም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እስከ ዛሬ ናፍጣ የማይሸት ተምር አይጥመኝም። ለኛ ባቡር ማለት የሚመጣ ነገር ነበር። ሰው ይዞ የሚመጣ።

የአማርኛ መምህራችን ከደጋ የመጣ ወጣት ነው። ሙቀቱን አልለመደውም፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተላቆ አያውቅም። አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ገባ። ሩቅ አገር በጦርነት ጊዜ ናዚዎች አይሁዶችን ከየቤታቸው እያወጡ በታጠረ ከተማ ውስጥ አስረዋቸው እንደነበር፣ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ልጆች እንደነበሩ ነገረን። ደብተር የለም። ትምህርት ክልክል ነው። አዋቂዎቹ እስረኞች ግን ተደብቀው ያስተምሯቸው ነበር፤ ልጆቹም ባገኙት ቁራጭ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም ይጽፉ ነበር።

«ምን አድርገው ነው የታሰሩት?» አለ አንዱ።

«አይሁድ ሆነው ተወልደው» አለ መምህሩ።

ከግጥሞቹ አንዱን በአማርኛ እየመለሰ ሰሌዳው ላይ ጻፈልን። የጻፈው ልጅ ስሙ አልታወቀም፤ ወንድ ይሁን ሴትም አይታወቅም። ዕድሜ ብቻ አለ፤ አሥራ አንድ። እኔ ወዲያው ሴት ልጅ አደረግኳት።

ቤቴ በር ነበረው።
እዚህ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፣ የሚዘጋውም ሌላ ሰው።
ወደ ቤቴ ስመለስ በሩን ራሴ እከፍታለሁ፣ ራሴ እዘጋለሁ።
እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እናቴ እስክትቆጣኝ ድረስ።
ከዚያ

ጠመኔው እዚያ ላይ ቆመ።

«አቦ፣ አብዳለች እንዴ?» አለች የዴስክ ጓደኛዬ። «በር ዘግታ በምን ልትተነፍስ ነው?» ድሬ ውስጥ ቀን በር የሚዘጋ ማን አለ? መጋረጃ ነው ያለን። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንዳልስቅ ያደረገኝ ግን ደግነቴ አልነበረም፤ ቀንቼ ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው፤ እስር ቤት ባለች ልጅ ቀናሁ። በአሥራ አንድ ዓመቷ ይህን ጽፋለች። እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ «ሀ» ብዬ እየጀመርኩ ነበር። እሷን ተደብቀውም ቢሆን አስተምረዋታል፤ እኔን በአደባባይም ያስተማረኝ አልነበረም።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዞረ። «ወረቀቱ ላይ ያለው እዚህ ድረስ ነው» አለ። «በኋላ ልጆቹን በባቡር እየጫኑ...»

ደወሉ ተመታ። የቀረውን ቃል ሐዲዱ ዋጠው። ልጆቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ከኋላ አንዱ «ታድለው! በባቡር!» ሲል ሰማሁት። ክፍላችን ውስጥ በባቡር ሄዶ የማያውቅ ሞልቶ ነበር። መምህሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ደጋ ላደገ ሰው፣ የድሬ ልጅ «በባቡር ተጫኑ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ከየት ይምጣለት?

እኔ የሰማሁት፣ ልጅቷ ቤቷ ገባች የሚል ነው።

ቤቴ ሄጄ ግጥሙን በንጽሕና ገለበጥኩት። ሁለት ነገር አላስቀመጠኝም። አንደኛ ቤት አይመታም፤ ቤት የማይመታ ግጥም እኔ አላውቅም ነበር። ሁለተኛ አላለቀም። «ከዚያ» ብሎ የሚቀር ነገር አለ እንዴ? እግሬ ስር ትልቅ ጉድጓድ የተከፈተ መሰለኝ። ልደፍነው ተቀመጥኩ፤ ስጽፍ ስደልዝ፣ ስጽፍ ስደልዝ፣ በመጨረሻ ይህን አገኘሁ።

ከዚያማ ባቡሩ እያፏጨ መጥቶ፣
ከሜዳ ከጋራ አሻግሮ አውጥቶ፣
አደረሰኝ ከደጅ፣ ከናፈቀኝ ቤቴ፤
በሩን ዘጋሁና ተኛሁ ከናቴ።

በማግስቱ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰጠሁት። ራሴ ለማንበብ ድፍረቱ ስላልነበረኝ የዴስክ ጓደኛዬ አነበበችልኝ። ሰልፍ ላይ ቆመን ድምጿ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ጸጥ አለ። «ተኛሁ ከናቴ» ስትል ጭብጨባው ከኒሙ ላይ ወፎቹን አስነሳ። ክበቡም ወረቀቱን መዝገቡ ላይ ለጠፈው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረጅም መሆኔን ወድጄው አላውቅም።

መምህሩ ግን አላጨበጨበም። በእረፍት ሰዓት ጠራኝ።

«መጨረሻውን ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ፣ እየኮራሁ።

«ባቡሩ ወዴት የወሰዳቸው መሰለሽ?»

«ወደ ቤታቸው።»

መሀረብ አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። ከዚያ በዝግታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ባቡሩ ወደሚገደሉበት ቦታ ነው የወሰዳቸው። አብዛኞቹ አልተመለሱም። የዚህችንም ግጥም ከታጠረው ከተማ ያገኙት ሌሎች ናቸው።

«ልቅደደው?» አልኩት።

«አትቅደጂው። ከ'ከዚያ' በታች አስምሪና ስምሽን ጻፊበት። የሷን ለሷ፣ ያንቺን ላንቺ።»

ያን ቀን አባቴ የሚመለስበት ቀን ነበር። ጥሩምባውን ሰማሁ፤ ግን አልሄድኩም። ቤት ሲገባ፣ «ምነው የኔ ልጅ፣ ዛሬ አጥሩ ባዶውን ጠበቀኝ» አለኝና ተምሩን ዘረጋልኝ።

«አባ፣ ባቡር ሰው ሊገደል ይወስዳል?»

ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን አየና ተወው። መምህሩ ያለኝን ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን ረሳው።

«እኔ ፍሬን ነው የምይዘው» አለ። «ከኋላ ምን እንደተጫነ አንዳንዴ አልጠይቅም።» ተምሩንም አልበላነው። የዚያ ባቡርም ፍሬን የሚይዝ ሰው ነበረው ማለት ነው፤ እሱም ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ያወልቅ ነበር ብዬ አሰብኩ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ሳልጠራው ይመጣል።

በማግስቱ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዤ ወደ ክበቡ ክፍል ሄድኩ። መዝገቡን ገልጬ ማስመሪያዬን ሳሳርፍ የዴስክ ጓደኛዬ ተከትላኝ ኖሮ እጄን ያዘችኝ።

«ናያ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ትንሽ ላስተካክለው።»

«ወላሂ ብትነኪው አላናግርሽም! እቤት ሁሉንም በቃሌ ነገርኳቸው። እናቴ መጨረሻውን ስትሰማ 'አልሐምዱሊላህ፣ ገባች' አለች። ቤቷ ገብታለች እኮ፤ ለምን ትነካኪያታለሽ?»

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እጇ እጄ ላይ ትንሽ ነው፣ ትኩስ ነው። አስምሬ ስሜን ብጽፍ ማብራራት ሊኖርብኝ ነው፤ ባብራራ የግጥሙን ልጅ እዚያው ፊቷ ልገድላት ነው። ነገ አደርገዋለሁ ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ። መምህሩ በክረምቱ ወደ ደጋ ተዛወረ። መዝገቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ነገ የምለው ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው።

አርብ ተማሪዋ ተመልሳ መጣች። ነገርኳት፤ ስለ ባቡሩም፣ ስለ ሐዲዱም፣ ስለ አራቱ ስንኞችም። በማስመሪያ አስምሬ፣ ከስሩ ስሜን ጽፌ፣ ሁለት ቅጂ አደረግኩላት።

«አክስቴ፣ እንዴ! 'ከዚያ' ብዬ ልቁም? ማይኩ የተበላሸ ነው የሚመስላቸው። ይስቁብኛል እኮ!»

«ይሳቁ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ሄደች። እሺም እንቢም አላለችኝም። ቅዳሜና እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ሳልከፍት ደጅ ቆምኩ። ጎረቤቴ ሱቋን እየከፈተች የምትሸጣቸውን ስስ ቀሚሶች፣ ድሪያዎቿን፣ አንድ በአንድ ታንጠለጥላለች። ጎረቤቴ ያልኳችሁ ያቺው የዴስክ ጓደኛዬ ናት፤ የአባቷን ንግድ ወርሳ ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር ሃያ ዓመት አለፈን። እውነቱን ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ከመንገዱ ማዶ፣ የድሮ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ የባንዲራው መዝሙር አለቀ። ድምፅ ማጉያው ሿ አለ። የተማሪዋ ድምፅ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ከአጥሩ በላይ መጣ። «ቤቴ በር ነበረው...»

«ናያ! ሰማሽ?» ጎረቤቴ ድሪያውን እንደያዘች ወደኔ ሮጠች። ፊቷ በራ። «የኛዋ ናት! ያቺ ልጅ!» ከንፈሯ ቀድሞ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ዛሬም አንድ ቃል አልረሳችም።

«...እናቴ እስክትቆጣኝ ድረስ። ከዚያ»

ጸጥታ።

የጎረቤቴ ከንፈር «ባቡሩ» ብሎ ጀምሮ ብቻውን ቀረ። ድምፅ ማጉያው እንደተከፈተ ነው፤ ሹሹ የሚለው ይሰማል። አንድ ባጃጅ አለፈ። ከአጥሩ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች፣ ቀና ብላ ሽቦውን እያየች።

«አልሄደም። የሷ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ዞር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ልትቀልድ አሰበች፤ ፊቴ ላይ ያየችው ነገር ግን ከለከላት። ድሪያውን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ያዘችው፤ ድምጿ ያ ለሦስት ሰው የሚበቃው መሆኑ ቀርቶ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆነ።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

አራት ስንኝ ነበረኝ፣ ቤት የሚመታ። አልተናገርኩትም። እጇን ያዝኩት።